8 ኮር ገዛሁ፣ 8 እጥፍ ግን አልፈጠነልኝም

እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጎተት የሰነበተ አንድ ክር አለ። 41 መልስ ደርሷል። አሁን የሚገባ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ያነብና ድሮ የተመለሰ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በራሴ አፍ ልተርከው ተነሳሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ቁጥሩ የመልሱ ተራ ነው፣ ዓመቶቹም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከመላሾቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ስህተቴም እዚሁ አለ።

የመክፈቻው ጥያቄ።

ጠያቂው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ሥራው የአማርኛ ጽሑፍ ከየቦታው ሰብስቦ 3 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ፋይል አጠራቅሟል። እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ለመቁጠር በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፈ። 240 ሰከንድ ፈጀ። ላፕቶፑ 8 ኮር (ቺፑ ላይ ያለ፣ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) እንዳለው ስለተነገረው ሥራውን ለ8 ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አከፋፈለና 30 ሰከንድ ይወጣል ብሎ ጠበቀ። የወጣው 251 ነው። ጭራሽ ባሰበት። ጥያቄው አጭር ነበር፣ ክሱ ግን ከበድ ይላል፦ ኮር የሚባለው ነገር የሻጮች ማታለያ ነው ወይ?

መልስ 1።

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነበር። ተማሪው ሳያውቀው ከአንድ ታዋቂ ግድግዳ ጋር እንደተላተመ ነገረው። በተለመደው ፓይተን ውስጥ ጂአይኤል የሚባል አንድ ቁልፍ አለ። የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው ቁልፉን የያዘው ትሬድ ብቻ ነው። 8 ትሬድ ቢፈጠር 7ቱ በር ላይ ይቆማሉ። ያቺ የተጨመረችው 11 ሰከንድ ቁልፉን ሲቀባበሉ የባከነች ናት። መፍትሔውም ትሬዱን ትቶ 8 የተለያየ ፕሮሰስ ማስነሳት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ፓይተን፣ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል።

መልስ 2።

ከጀርመን የሚጽፍ አንድ ሰው አንድ ነገር አከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ያለ ጂአይኤል የሚሄድ የሙከራ ዓይነት ይዞ መጥቷል። ግን ሆን ብሎ ላልመረጠው ሰው ቁልፉ አሁንም እዚያው ነው።

መልስ 3 እና 4።

3ኛው ሰው ፍጥነትና ፓይተን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግባት እንደሌለባቸው ገልጾ፣ ልጁ ሄዶ ሲ ፕላስ ፕላስ እንዲማር አዘዘ። ሌላ ነገር አልጻፈም። 4ኛው ደግሞ ልጁ ምን ልማር እንዳላለ፣ ለምን ብሎ እንደጠየቀ አስታወሰው። እዚህ ጋ ክሩ መሞቅ ጀመረ።

መልስ 5።

ተማሪው ተመለሰ። በ8 ፕሮሰስ ሠርቶት 82 ሰከንድ ወጣለት። 3 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አመሰገነ፣ ወዲያው ግን የቀረው 5 እጥፍ የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ይሄን ልጅ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በ3 እጥፍ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር።

መልስ 6።

ላፕቶፑ በእርግጥ 8 ኮር እንዳለው ማን እንደነገረው የጠየቀ ሰው ተገኘ። ታስክ ማናጀርን ከፍቶ እንዲያይ አደረገው። ኮር 4፣ ሎጂካል ፕሮሰሰር 8 ይላል። ማብራሪያው ጥሩ ነበር። ኢንቴል ሃይፐር ትሬዲንግ የሚለውንና ከ2002 ጀምሮ ይዞት የመጣውን ነገር አንድ ኮር ሁለት ሆኖ እንዲታይ የማድረግ ዘዴ አድርጎ አስረዳ። አንዱ ኮር ሁለት ፕሮግራም የት ጋ እንደደረሰ መዝግቦ ይይዛል፤ ደማሪው፣ አባዢውና ካሹ (ኮሩ አጠገብ ያለችው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) ግን የጋራ ናቸው። አንዱ ከሚሞሪ ዳታ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ሌላው ባዶውን ቦታ ይጠቀማል። ይጠቅማል፣ ግን ሁለተኛ ኮር አይደለም።

መልስ 7፣ 8 እና 9።

መንገድ ሳቱ። አንዱ ላፕቶፑ የት እንደተገዛና በስንት እንደተገዛ ጠየቀ። ሌላው ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ እየሠራ እንዳይሆን ጠረጠረ። ሦስተኛው ትራስ ላይ አስቀምጦት ሞቆበት ይሆናል ብሎ ገመተ። ቀልድ ይመስላል፤ ግምቱ ግን ከንቱ አይደለም። አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ቺፑ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። ሁሉም ሲሠሩ ሙቀቱ ስለሚጨምር ሁሉም ዝቅ ይላሉ። 4 ኮር ማለት የአንዱ ፍጥነት 4 ጊዜ ማለት ያልሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ልጁ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ ላፕቶፑም ጠረጴዛ ላይ እንደነበር መለሰ። አንዴ ብቻ መሃል ላይ መብራት ሄዶበት ነበር፤ ያንን ሙከራ አልቆጠረውም።

መልስ 10፣ 11 እና 12።

10ኛዋ መላሽ ከሁሉም በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ጠየቀች። ጠቅላላውን ጊዜ ትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ እንዲለካ ነገረችው። ልጁ ለካ። ፋይሉን አንብቦ ለፕሮሰሶቹ ማከፋፈል 31 ሰከንድ። መጨረሻ ላይ ውጤቱን አዋህዶ መደርደር 11 ሰከንድ። እነዚህን ሁለቱን የሚሠራው አንድ ፕሮሰስ ብቻ ስለሆነ 8 ሠራተኛ ቢኖርም አያጥሩም። ቆጠራው ብቻውን በአንድ ፕሮሰስ 198 ሰከንድ ነበር፣ በ8 ፕሮሰስ 40 ሆነ።

እሷም ሒሳቡን ሠራችለት። ጂን አምዳል የተባለው መሐንዲስ በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ የማይከፋፈለው ክፍል ጣሪያውን ይወስናል። እዚህ የማይከፋፈለው 42 ሰከንድ ነው። ቆጠራው ወደ ዜሮ ቢወርድ እንኳ 240 ለ42 ሲካፈል 5.7 ይሆናል። ሺህ ኮር ቢገዛ ከዚያ በላይ አይሄድም። ቆጠራው ራሱ ደግሞ 198 ለ40 ነው፤ 5 እጥፍ ገደማ። 4ቱ ኮሮች ቢበዛ 4 እጥፍ ሰጡ፣ የቀረውን ሃይፐር ትሬዲንግ ጨመረ። የጠፋ ነገር የለም። ማታለያም የለም።

ክሩ እዚህ ቢቆም ጥሩ መልስ ነበር። ግን ይሄ መድረክ መቼ ቆሞ ያውቃል።

መልስ 13፣ 14 እና 15።

አንዱ ምሳሌ አመጣ። ቤት ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖር፣ የቤቱ መስመር አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሰካ ሰው እንጀራውን አያፈጥንም፤ ቆጣሪውን ያስዘልላል። ሚሞሪውም እንደዚያው ነው፣ ኮሮቹ በሙሉ በአንድ መስመር ዳታ ይጎትታሉ። ቀጣዩ ምጣዱን ትቶ ደቦን አመጣ፦ ሃያ ሰው ቢያጭድም አውድማው አንድ ነው። 15ኛው ሰው ደግሞ በእንጀራና በእህል የማይገለጽ ቴክኖሎጂ ለአማርኛ አንባቢ ክልክል ነው ወይ ብሎ በምሬት ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱም ጋር ተስማምቻለሁ።

መልስ 16።

ከዚያ ኮምፒውተር አርክቴክቸር የሚያስተምሩ አንድ መምህር ገቡ። ሁሉም ወዲያው አንቱ ማለት ጀመረ። እሳቸው በትሕትና ከተማሪው ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተቀላቀሉ ነገሮችን ለዩ። አንዱ ሶፍትዌሩ በውስጡ ያለው ትይዩነት ነው፦ የትኛው ሥራ የትኛውን ሳይጠብቅ ሊሄድ ይችላል። ይሄ የፕሮግራሙ ጠባይ ነው፣ ማሽኑ ምንም ይሁን ምን። ሌላው ሃርድዌሩ የሚፈቅደው ትይዩነት ነው፦ በአንድ ሳይክል፣ ማለትም በአንድ የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት፣ ስንት ነገር መሥራት ይችላል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ማነስ አይመጣም። ሁለቱ አለመገጣጠማቸው ነው።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ። ስሌቱ (ሀ + ለ) × (መ + ሠ) ነው። አራት ቁጥር ከሚሞሪ ማምጣት፣ ሁለት መደመር፣ አንድ ማባዛት፤ ባጠቃላይ 7 ትዕዛዝ። እያንዳንዱ 1 ሳይክል ይውሰድ እንበል። ማሽኑ ምንም ገደብ ባይኖርበት በ1ኛው ሳይክል አራቱም ቁጥሮች ይመጣሉ፣ በ2ኛው ሁለቱም ድምሮች ይሠራሉ፣ በ3ኛው ይባዛሉ። 7 ትዕዛዝ በ3 ሳይክል፣ በአማካይ 2.33።

አሁን በአንድ ሳይክል አንድ ቁጥር ማምጣትና አንድ ስሌት መሥራት ብቻ የሚችል ማሽን እንውሰድ አሉ። በ1ኛው ሀ ይመጣል። በ2ኛው ለ። በ3ኛው መ ሲመጣ ጎን ለጎን ሀ እና ለ ይደመራሉ። በ4ኛው ሠ ይመጣል፤ ደማሪው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በ5ኛው መ እና ሠ ይደመራሉ። በ6ኛው ይባዛሉ። 7 ትዕዛዝ በ6 ሳይክል፣ 1.17። ፕሮግራሙ 2.33 ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማሽኑ የተቀበለው ግማሹን ነው።

ይሄን በወረቀት ስሠራው 4ኛው ሳይክል ላይ ደማሪው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ዓይኔ ላይ የታየኝ የራሴ ኮድ ነው።

መልስ 17።

የእኔ ነው። ዲስኩ ነው ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ ልብ። 31ዱ ሰከንድ ከዲስክ የማንበብ ጊዜ መሆኑ አያጠራጥርም አልኩ። ልጁ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አከታትሎ አስኬደው። በሁለተኛው ጊዜ ፋይሉ ሚሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ዲስኩ አልተነካም። 29 ሰከንድ ወጣ። ዲስኩ ንጹሕ ነው። ጊዜውን የበላው ባይቱን ወደ ፊደል መፍታትና ለ8ቱ ማከፋፈል ነበር፤ እሱ ደግሞ የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ሳልለካ እንዳልናገር ስንት ጊዜ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

መልስ 18 እና 19።

ተማሪው መምህሩን ጠየቃቸው፦ ለዚያ ማሽን ሁለተኛ ደማሪ ቢጨመርለትስ? እሳቸውም መልሱን ራሱ እንዲያገኘው በመጀመሪያ ፍንጭ ሰጡት፣ በኋላ ግን አዘኑለት መሰል ጻፉት። ሁለተኛ ደማሪ ቢጨመር ያው 6 ሳይክል ነው፤ ሠ ገና አልመጣማ። ቁጥር ማምጫውን ሁለት ብናደርገው 4 ሳይክል ይሆናል። በዚህ ላይ ደማሪ ቢጨመር አሁንም 4። ማምጫው አራት ሆኖ ስሌት መሥሪያው አንድ ቢሆን አሁንም 4። አራት ማምጫና ሁለት ስሌት መሥሪያ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው 3 የሚገባው። ከዚያ በኋላ መቶ ደማሪ ቢደረደር 3 ነው፤ ማባዛቱ ድምሩን፣ ድምሩም ቁጥሩን ይጠብቃልና። አንዱን ብቻ ማሳደግ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቺፕ የሚሠሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚጨነቁትም በዚህ ነው።

መልስ 20 እና 21።

አንድ ዕድሜ የጠገበ ፕሮግራመር ድሮን አነሳ። በ1990ዎቹ ኮድህን ሳትነካ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ብቻ ይበቃ ነበር። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚበላው ኃይል ግን አይብስም ነበር። በ2004 ገደማ ያ አለቀ። የኢንቴል ቺፕ ፔንቲየም 4 ከ3.8 ጊጋኸርዝ በላይ ሳይሸጥ ቀረ። ኢንቴል በዚያው ዓመት ቴጃስ የተባለውን ተተኪ ሰርዞ ወደ ብዙ ኮር ዞረ። እሱ እንደሚለው ባለ ሁለት ኮር ቺፕ የተጀመረው በ2005 ነው። 21ኛው ይሄን አረመ፤ በ2005 ለቤት ኮምፒውተር ነው እንጂ፣ አይቢኤም ፓወር 4ን በሁለት ኮር ያወጣው በ2001 ነው።

መልስ 22።

ትይዩነቱን ማን ይፈልግ፣ ሃርድዌሩ ወይስ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም)? አንዱ ኢታኒየም የተባለውን ቺፕ አነሳ። ከዚያ በፊት ሃርድዌሩ ራሱ እየፈለገ ነበር። ቶማሱሎ የተባለው መሐንዲስ በ1967 ለአይቢኤም 360 ሞዴል 91 የሠራው ዘዴ የማይጠባበቁ ትዕዛዞችን ከተራቸው አውጥቶ ያስኬዳል፤ ዛሬም ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ ልጅ ልጆቹ አሉ። ኢንቴልና ኤችፒ ይሄን ሥራ ከቺፑ ላይ አንስተው ለኮምፓይለሩ ሰጡት። ኢታኒየም በ2001 ወጣ። ኮምፓይለሩ ግን ነቢይ አይደለም። ዳታው ካሽ ውስጥ ይገኝ ወይስ ከሩቅ ሚሞሪ ይምጣ አስቀድሞ አያውቅም፤ ልዩነቱ ከጥቂት ሳይክል እስከ መቶዎች ሳይክል ነው። ኢታኒየም ተስፋ የተጣለበትን ያህል ሳይሆን ቀርቶ በ2021 መላኩ ቆመ።

መልስ 23።

አስቡት፣ ያ የ3ኛው መልስ ባለቤት ተመለሰ። አሁን ሰው ሆኖ። በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፈውን ቆጣሪ ታሪክ ነገረን። 8 ትሬድ፣ 8 ቆጣሪ፤ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ብቻ ይነካል፣ ምንም ቁልፍ የለም። በወረቀት ላይ ፍጹም ትይዩ ነው። ሲያስኬደው ግን ከአንድ ትሬድ ያነሰ ፍጥነት ወጣ። ሁለት ቀን ፈለገ። ቆጣሪዎቹ እያንዳንዳቸው 8 ባይት ናቸው፣ ተደርድረው ተቀምጠዋል። 8 ጊዜ 8 እኩል 64። የካሽ መስመር ስፋት ደግሞ ልክ 64 ባይት ነው። አንዱ ኮር በራሱ ቆጣሪ ላይ 1 በጨመረ ቁጥር መስመሩ በሙሉ ከሌሎቹ ኮሮች ይነጠቃል። ሶፍትዌሩ ስምንት ነገር ያያል፣ ሃርድዌሩ አንድ። ቆጣሪዎቹን አራርቆ ሲያስቀምጣቸው ችግሩ ተነነ።

ያስቀየመኝን ሁሉ ለዚህ ታሪክ ስል ይቅር ብዬዋለሁ።

መልስ 24 እስከ 29።

እዚህ ነው ክሩ የተቀደደው። አንድ ሰው ትይዩ የሚለውን ቃል ተቃወመ። በእሱ ሰፈር ትይዩ ማለት ፊት ለፊት ነው፤ ከቤታችን ትይዩ ያለው ሱቅ ይባላል። አብረው የሚሄዱ ሥራዎች እንዴት ፊት ለፊት ይተያያሉ? ሌላው የትይዩ መስመሮችን የጂኦሜትሪ ትምህርት አስታወሰው፤ ያኔ ክፍል ውስጥ እንዳልነበረም ጨመረበት። አንዷ ጎን ለጎን ይሻላል አለች። አንዱ ፓራለል ብሎ መጻፍ ማንንም እንዳልገደለ ተናገረ፣ በዚህም አማርኛ ጠል ተባለ። ትሬድን ክር ማለት ያስቃል ወይስ አያስቅም የሚለው ብቻውን ሁለት መልስ ወሰደ፤ ይሄንኑ የሚከራከሩበትን ነገር ራሱን ክር እያሉ።

ከዚህ ሁሉ ግርግር አንድ ዕንቁ ወጣ። የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ 32 ትሬዶችን አንድ ላይ ሲያስኬድ ዋርፕ ይላቸዋል፤ ቃሉ የሸማኔ ነው፣ በአማርኛ ድር ማለት ነው። ድርና ማግ እያለን ለምን እንጣላለን ብሎ የጻፈው ሰው አፍ አስያዛቸው። መጨረሻው ላይ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን መለጠፉ ግን አልቀረም። ቀጣዩ ደግሞ ያ ድር ሲያብር ማዋሃጃው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጠየቀ።

መልስ 30 እና 31።

ድር ከተነሳ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) መምጣቱ አይቀርም። አንዱ ቆጠራውን ወደ ጂፒዩ እንዲያዞረው መከረ። መልሱ አጭር ነበር። ያ ድር የሚያምረው 32ቱም ክሮች አንድ ዓይነት ትዕዛዝ ሲከተሉና ዳታቸው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ነው። የቃል ቆጠራ ግን መዝገብ ውስጥ እዚህም እዚያም መዝለል ነው።

መልስ 32።

ሰው ሁሉ በቃል ሲናጭ አንዲት ከዚያ በፊት ምንም ያልጻፈች ሴት ገብታ፣ ልጁ የለጠፋቸውን ሁለት ውጤቶች እንዳነጻጸረች ተናገረች። በአንድ ፕሮሰስ የተቆጠረው ጠቅላላ የቃል ብዛት 187,402,915 ነው። በ8 ፕሮሰስ 187,402,921። ስድስት ቃል ከየት መጣ? ፍጥነቱ ላይ 31 መልስ ተጽፎ፣ መልሱ የተሳሳተ መሆኑን ያየ የለም። እኔንም ጨምሮ።

መልስ 33።

ክሩ ጸጥ አለ። ከዚያ 10ኛዋ መላሽ ተመለሰችና ፈታችው። ልጁ የፋይሉን መጠን ለ8 አካፍሎ በየባይቱ ቁጥር ይቆርጣል። 8 ቁራጭ ማለት 7 መቁረጫ ማለት ነው። መቁረጫው ቃል መሃል ላይ ሲያርፍ አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ስድስቱ ቃል መሃል አርፈዋል፣ አንዱ በዕድል ባዶ ቦታ ላይ።

ጉዳቱ ከዚያም ይከፋል። ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ይይዛል። ሰ ሚሞሪ ውስጥ 225፣ 136፣ 176 ነው። ሰላም 9 ባይት ነው። ስለዚህ ቢላዋው ቃልን ብቻ ሳይሆን ፊደልንም ይሰነጥቃል፤ የሰ አንድ ሦስተኛ በአንዱ ፕሮሰስ፣ ሁለት ሦስተኛ በሌላው። ልጁ የማይነበብ ባይት ሲያጋጥም ዝለለው የሚለውን አማራጭ ስለተጠቀመ ምንም የስህተት መልእክት አላየም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ከመቁረጫው ተነስቶ እስከሚቀጥለው የመስመር መጨረሻ መሄድ፣ እዚያ መቁረጥ። የመስመር መጨረሻ ባይት 10 ነው፤ ከግዕዝ ፊደል ባይቶች አንዱም ከ128 አይወርድም፣ ስለዚህ አይምታታም።

መልስ 34፣ 35 እና 36።

34ኛው የተማሪው ይቅርታ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። 35ኛው የአምዳል ሒሳብ ተስፋ አስቆራጭ እንደሆነ ገልጾ ጉስታፍሰን የተባለውን ተመራማሪ አመጣ። በ1988 በሳንዲያ ቤተ ሙከራ 1024 ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ከ1000 እጥፍ በላይ ፍጥነት ያስመዘገበው ችግሩን ከማሽኑ ጋር አብሮ በማሳደግ ነው። ፋይሉ 30 ጊጋባይት ቢሆን ቆጠራው 10 እጥፍ ያድጋል፤ ማዋሃዱ ግን አዲስ ቃል በተገኘ ቁጥር እንጂ አብሮ 10 እጥፍ አያድግም።

36ኛዋ የቋንቋ ሰው ናት መሰለኝ፣ ይሄ በአማርኛ ሲሆን እንደ እንግሊዝኛ እንደማይገራ አስጠነቀቀች። መጣ የሚለው አንዱ ግሥ ስለመጣ፣ እንዳልመጣ፣ ሲመጣም፣ የመጡትንም እያለ ይረባል። በዚህ ላይ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለኮምፒውተሩ አራት ቃል ናቸው። የቃላቱ መዝገብ ቶሎ ማደጉን አያቆምም፣ የማዋሃጃው ሰከንድም እንደዚያው።

መልስ 37 እና 38።

ተማሪው አዲሱን ውጤት ይዞ መጣ። አሁን እያንዳንዱ ፕሮሰስ ፋይሉን ራሱ ይከፍታል፣ ወደ ድርሻው ይዘላል፣ እስከ መስመር መጨረሻ ይጠጋል፣ ራሱ ፊደሉን ይፈታል። ማከፋፈያው ቀረ። 57 ሰከንድ፤ 4.2 እጥፍ። የቃሉ ብዛት 187,402,915። መምህሩ ጎበዝ ብለው ጻፉለት። ሌላው ደግሞ ይህችን ላፕቶፕ ትሸጣታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

መልስ 39፣ 40 እና 41።

39ኛው እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ ለመሆኑ አንደኛ የወጣው ቃል የትኛው ነው? ልጁ «ነው» የሚለው ቃል እንደሆነ ከነብዛቱ መለሰ። 41ኛው ደግሞ ፕሮግራሙ ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ «ነው» የሚለውና አራት ነጥብ የተለጠፈበት «ነው።» ሁለት ቃል ሆነው ተቆጥረው እንደሆነ ጠየቀው።

ይሄው ሦስት ቀን ሆነ፣ ልጁ ድምፁን አላሰማም።